አፋኙ ተያዘ

ሹክሹክታ በሕይወቷ ጮኻ አታውቅም። ገና በልጅነቷ፣ ውሃ ስትጠይቅ እንኳ ጆሮን ወደ አፏ ማስጠጋት የግድ ስለነበር፣ እናቷ ይህን ስም አወጣችላት። ስሙ ተጣብቆባት ቀረና ተመራማሪ ሆና ነጭ ጋዋን ከለበሰች በኋላም ቤተሰቡ የሚጠራት በዚሁ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ግን ወጥ ቤት ውስጥ፣ በአንድ እጇ የእንቁላል መጥበሻ በሌላው ስልክ እንደያዘች፣ ጮኸች።

«አፋኙን ያዝነው? እውነትህን ነው? ባንዲራዎቹ ሁሉ ወጡ? ጠባቂዎቹስ ከበቧቸው? ሁሉንም? በቃ ማንም እንዳይነካቸው፤ እየመጣሁ ነው!»

ከወዲያኛው ጫፍ የሚያወራው ጉጉት ነበር፤ ሌሊቱን ማይክሮስኮፕ ላይ አፍጥጦ ስለሚያድር ይህ ስም የወጣለት የሥራ ባልደረባዋ። እሱ ያለውን እሷ ብቻ ሰማች፣ እሷ ያለችውን ግን ቤቱ ሁሉ ሰማ። ቤቱ ሁሉ ማለት እናቷ ናት። እናቷ ሳሎን ውስጥ፣ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ፣ ሻይ ከፊቷ አስቀምጣ በመስኮት መንገዱን ታይ ነበር። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የሠራችው በስልክ ማዞሪያ ቤት ነው። ሽቦ ከዚህ ነቅላ እዚያ ሰክታ «ተገናኝተዋል፤ ይናገሩ» ስትል የኖረች ሴት ናት። በዚያ ሥራ ላይ መስመሩን ለመፈተሽ አንዳንዴ ጆሮን ጣል ማድረግ ይፈቀዳል፤ ከአንድ ወገን ብቻ የሚሰማ ቁራጭ ወሬ ይዛ ሙሉውን ታሪክ ማውጣት ትችል እንደነበር ለሰማት ሁሉ ትናገራለች። «ግማሹን ስጡኝ፣ ግማሹን እኔ እሞላዋለሁ» ማለት ልማዷ ነው። ሹክሹክታ ያን ጠዋት ይህን ልማድ የምታስብበት ጊዜ አልነበራትም። እንቁላሉን እሳት ላይ ጥላ፣ ጫማዋን እየጎተተች፣ ለእናቷ «መጣሁ እማዬ» ብላ ደረጃውን በሁለት በሁለት ወረደች። ያረረው እንቁላል ሽታ እስከ ታችኛው ፎቅ ተከተላት።

አውቶብስ ውስጥ ቆማ ሄደች። ወንበር ነበር፤ መቀመጥ ግን አላስቻላትም። አፋኝ የሚሉት ፕሮቲን ነው። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ የሰውነት መመሪያ ሁሉ ተጠቅልሎ ይቀመጣል፤ ጂኖቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢናገሩ ግን ጉበቱ ጉበት መሆን፣ ዓይኑም ዓይን መሆን ያቅተዋል። ስለዚህ አንዳንድ ፕሮቲኖች የማይፈለገውን ጂን ጥቅልል አድርገው ይይዙትና ዝም ያሰኙታል። ጂን ስለሚያፍኑ በላቦራቶሪው ወሬ አፋኝ ተብለዋል። ችግሩ የሚመጣው አፋኙ ሲበላሽና ሥራ ሲያበዛ ነው። ጤነኛ ሴል ውስጡ ከሚሠራው ነገር ቁራጭ ቁራጩን አውጥቶ ገላው ላይ ይሰቅላል፤ እነሱ ባንዲራ ይሉታል። የሰውነት ጠባቂዎች፣ ማለትም በሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች፣ ባንዲራውን እያነበቡ ያልፋሉ። ደኅና ከሆነ አይነኩትም፤ የተበላሸ ነገር ካዩ እዚያው ይጨርሱታል። በአንዳንድ ካንሰሮች ውስጥ የተበላሸው አፋኝ ባንዲራ የሚሰቅለውን ጂን ያፍነዋል። ባንዲራ የለም፤ የሚነበብ የለም። ጠባቂው በደጁ ያልፋል፣ ካንሰሩ እቤቱ ቁጭ ብሎ ይፋፋል። ሹክሹክታና ጉጉት ወራት የፈጁበት ጥያቄ አንድ ነበር፤ አፋኙን የሚይዝ መድኃኒት ቢሰጥ፣ ባንዲራው ይመለሳል ወይ? ቢመለስስ ጠባቂዎቹ ያዩታል ወይ?

ላቦራቶሪው የሆስፒታሉ ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም፣ ማቀዝቀዣዎቹ ሌት ተቀን ያንጎራጉራሉ፣ በሩ ላይ «ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት አለ፣ ከወረቀቱ ሥር ደግሞ የጉጉት ግማሽ ዳቦ ተቀምጧል። ጉጉት ዓይኑ ቀልቶ፣ ፀጉሩ ቆሞ፣ ሹራብ በጋዋን ላይ ደርቦ፣ ማይክሮስኮፑን በገላው ሸፍኖት ቆሟል። ማንም እንዳይነካ ብላ የለ፤ የጽዳት ሠራተኛዋን እንኳ አላስገባም ነበር። ወንበሩን ገፋላት።

አየች። ማይክሮስኮፑ ሌሊቱን የቀረጸው ፊልም ከመጀመሪያው ተነሣ። ጥቁር ሜዳ ላይ የካንሰር ሴሎቹ ግራጫ ሆነው ተኝተዋል፤ ቀይ የተቀቡት ጠባቂዎች በመካከላቸው እንደ መንገደኛ ያልፋሉ፤ አንዱም ዞር ብሎ አያይም። ከዚያ አንዱ ሴል ጫፍ ላይ አረንጓዴ ነጥብ በራ። ቀጥሎ ሌላው። እያየቻቸው ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ነጠብጣብ ሆነ፣ አንድ ሰው መንደር ውስጥ እየዞረ መብራት የሚያበራ ይመስል። ባንዲራዎቹ ናቸው። መጀመሪያ አንድ ቀይ ጠባቂ ቆም አለ። ተመለሰ። ተጠጋ፣ ተለጠፈ። ቀጥሎ ሁለት ሆኑ፣ ከዚያም ብዙ፤ ሴሉ እንደ ፊኛ ተነፋና ፈነዳ። ሹክሹክታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እየሳቀች ነው ወይስ እያለቀሰች፣ ጉጉት መለየት ስላልቻለ ዳቦውን አቀበላት።

ሴሎቹ የሚያድጉባቸው የላቦራቶሪ ሳህኖች ሦስት ነበሩ። መድኃኒት ያልጠጣው ሁለተኛው ሳህን እንደ ድሮው ነበር፤ ጠባቂዎቹ ያልፋሉ፣ ካንሰሩ ተኝቷል። ሦስተኛውን ሳህን ግን ጉጉት ያሳያት ቅር እያለው ነው። እዚያ መድኃኒቱን እጅግ አብዝተውት ነበር፤ ባንዲራዎቹ ወጥተዋል፣ ጠባቂዎቹ ግን ግራ ገብቷቸዋል፤ ገሚሶቹ ይሽከረከራሉ፣ ገሚሶቹ ቆመዋል። ጠባቂዎቹም አፋኝ ያስፈልጋቸዋል። ጠባቂ ጠባቂነቱን የሚያውቀው በውስጡ ያሉ ሌሎች ጂኖች ዝም ስላሉለት ነው። ጉጉት አፋኙ ሙሉ በሙሉ ክፉ ቢሆንለት ደስ ባለው፤ «ሰውዬው ግማሹን ቀን ጥሩ ሥራ ነው የሚሠራው» አለ እያዛጋ። ሹክሹክታ ሦስተኛውን ሳህን ከሁሉም ረዘም አድርጋ አየችው።

ሐኪሟ ሲመጡ ሁለቱም ቀና ብለው ቆሙ። ፎቅ ላይ የካንሰር ሕሙማንን የሚያክሙት፣ ምድር ቤቱን ላቦራቶሪም የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ አጭር፣ ነጠላ ጫማ አድርገው የሚዞሩ፣ ለማመስገን የሚቸገሩ ሴት። ፊልሙን ሁለት ጊዜ አዩት። ሦስተኛውን ሳህን ጠየቁ፣ እሱንም አዩ። ከዚያ ያልተለመደ ነገር አደረጉ፤ ባለ ሦስት እግሯ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። «ሳህን ውስጥ ነው» አሉ። ቀጥለውም ለራሳቸው የሚያወሩ ይመስል፣ ፎቅ ላይ ይህንኑ መድኃኒት በኪኒን መልክ ከጀመሩት ሕሙማን የአንዳንዶቹ እብጠት ለምን እንደቀለጠ አሁን እንደገባቸው ተናገሩ። በፈገግታ ነው የተናገሩት። ጉጉት እንዲህ ያለ ፈገግታ አይቶ ስለማያውቅ ደንግጦ ሹክሹክታን አያት።

ሊወጡ በሩን ከፈቱና ዞር አሉ። «እናትሽስ? ምን አለች?»

ይህ ጥያቄ አንድ ቀን እንደሚመጣ ሹክሹክታ ታውቅ ነበር። ከእናቷ አንገት ላይ የተቆረጠው ናሙና ውጤት የወጣ ቀን እናቷ ደም ስትሰጥ ነበር፤ ሐኪሟ ዘንድ የገባው ታላቅ ወንድሟ ነው። ንፍፊት ከሚባሉት ዕጢዎች የሚነሣ ካንሰር ነው፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ፤ አፋኙ የተበላሸበት ዓይነት ስለሆነ ለአዲሱ ኪኒን ጥናት ትሆናለች ተባለ። ወንድሟም «እኔ እነግራታለሁ» ብሎ ወጣ። እናቷን መኪና ውስጥ አስገብቶ ከጥርስ የመጣ ንፍፊት ነው አላት። ለሹክሹክታ ደግሞ ደረጃው ላይ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ፣ አንዲት ቃል እንዳታወጣ ነገራት። እሷን ዝም ማሰኘት ቀላል ነው፤ ስሟም ሹክሹክታ ነው።

«አላወቀችም» አለች አሁን። ሐኪሟ መጀመሪያ አልሰሟት፣ ደግማ ተናገረች። ሐኪሟ አልተቆጡም። የጥናቱ ምዝገባ ነገ እንደሚዘጋ፣ ቀጠሮውን ለእናቷ እንዳቆዩላት፣ ነገር ግን በሽታውን የማያውቅ ሰው ለመድኃኒት እሺ ሊል ስለማይችል ማንም ስለ እሷ እሺ እንደማይልላት፣ በእርጋታ አስረዷት። «በራሷ ጆሮ ትስማ። እምቢ ካለችም እሷው እምቢ ትበል» ብለው ሄዱ።

የወንድሟ መነጽር ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ጠባብ ናት፤ ግድግዳው ሁሉ ፍሬም፣ ፍሬሙ መካከል መስተዋት፣ ከኋላ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሌንስ የሚሞረድበት ማሽን አለ። የሌንስ ዋጋ በዚያ ሳምንት እንደገና ስለጨመረ የድሮው ዋጋ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ሰው ሁሉ ወረቀቱን ገልጦ የድሮውን እያየ ይተክዛል። ሹክሹክታ ስትገባ ወንድሟ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ፊት ላይ የመለኪያውን ፍሬም አስሮ ሌንስ እየቀያየረ «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?» ይል ነበር። ሽማግሌው ፊደሉን ትቶ ወሬ ያወራል።

አፋኞች ተያዙ አሉ፣ ይላል። ብዙ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ነው የተያዙት። ደግሞ የሚገርመው ባንዲራ ይዘው ነው የወጡት፤ ድፍረታቸውን አየኸው? ጠባቂዎች ከበው ነው የለቀሟቸው። ዜናው ላይ የማይነግሩን የታፈኑት ሰዎች ቤተሰብ እንዳይሸበር ብለው ነው። ለእሱ የነገረችው የወንድሙ ሚስት ናት፤ ለእሷ የነገረቻት ጎረቤቷ፤ ለጎረቤቷ ደግሞ ድሮ ስልክ ቤት ትሠራ የነበረች፣ ነገር የማይሰወርባት አንዲት ሴት። ወንድሟ ሌንሱን እንደያዘ አዎ፣ እናቴም ደውላ ልጅህን ከትምህርት ቤት ራስህ አምጣው ብላኛለች አለ።

ሹክሹክታ ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። ባንዲራ። ጠባቂዎች። ከበው። ያረረው እንቁላል ትዝ አላት። ሳቅ ከሆዷ ተነሥቶ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ፣ በጋዋኗ እጅጌ ይዛ አስቀረችው፤ ወንድሟን በክንዱ ስባ ከመጋረጃው ጀርባ አስገባችው።

ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ስለ ሌሊቱ ሥዕል፣ አረንጓዴው ነጥብ ስለበራበት ሰዓት፣ ስለ ኪኒኑ፣ ነገ ስለሚዘጋው ምዝገባ። እጆቿ ይወዛወዙ ነበር፣ ከመደርደሪያው ላይ የመነጽር ማኅደር ጣለች። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ አነሣው፣ ጠረገው፣ ቦታው መለሰው። «ድምፅሽን ቀንሺ» አላት። በሕይወቷ እንዲህ ተብላ ስለማታውቅ ሁለቱም ለአፍታ ተያዩ።

«መድኃኒቱን ሳይነግሯት አይሰጧትም?»

«አይሰጧትም፣ ጋሼ።»

«እኔ ልፈርምላት።»

«አይሆንም አሉ።»

ማሽኑ ላይ የነበረውን የመስታወት ዱቄት በጣቱ ጠረገ። ሌላው ሰው ሁሉ እንደሚፈራው በሽታውን ብቻ የሚፈራ ቢሆን ኖሮ ማሳመን ይቻል ነበር፤ እሱ የሚፈራው ግን ካንሰር የሚለውን ቃል ነው። አባታቸው በዚህ ዓይነት በሽታ ሲሞት ሹክሹክታ አክስታቸው ዘንድ ተልካ ነበር፤ እሱ ግን ቤት ነበር። «አባዬ ቃሉን የሰማ ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ አልዞረም። ለእሷም ያንን ልታደርጊ ነው? ደግሞ አልዋሸኋትም፤ ንፍፊት ነው ያልኳት፣ ንፍፊት ነው።» ከመጋረጃው ወዲያ ሽማግሌው በአንድ ዓይኑ ምንም እንደማያይ፣ ሌንሱ ተረስቶ እንደሆነ ጠየቀ። ወንድሟ ወጣ። ሹክሹክታ ማሽኑ አጠገብ ቆማ ቀረች። ሦስተኛው ሳህን ትዝ አላት፤ ወንድሟ ባይኖር ይህ ቤት ቤት ሆኖ እንደማይቆም ታውቃለች፤ የትምህርት ቤት ክፍያዋን፣ የእናቷን ኪራይ፣ አባታቸው ከሞተ በኋላ ያለውን ሁሉ የያዘው እሱ ነው። ስለዚህ አልተጣላችውም። ስትወጣ በጆሮው «ማታ ና፣ ብቻዬን አልችልም» ብላው ሄደች።

ወደ ማታ ቤት ስትደርስ የሕንፃው የብረት በር ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ጥበቃው፣ በየቀኑ የሚያያት ሰው፣ የማን ቤት እንደምትሄድ ጠየቃትና ደረቱን ነፍቶ አሳለፋት። ደረጃው ላይ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ሁለት ሕፃናት ይዛ ቆማ ነበር፤ አፋኞቹ ስንት እንደሆኑ በትክክል ታውቂ እንደሆነ ንገሪን አለቻት። ሹክሹክታ አንድ ነው አለች። ጎረቤቷ ቅር አላት።

ሳሎኑ ውስጥ ሬዲዮው ተከፍቷል፣ ጠረጴዛው ላይ ዳቦና በጨርቅ የተሸፈነ እንቁላል አለ፣ ያረረው መጥበሻ ታጥቦ ተደፍቷል። እናቷ ወንበሯን ወደ በሩ አዙራ፣ አንገቷን በሻርፑ እንደጠቀለለች፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ በሥራ ዘመኗ ማዞሪያው ፊት የምትቀመጠው እንዲህ ነበር። ወንድሟ ቀድሞ መጥቷል። ካፖርቱን አላወለቀም፤ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል፣ ቁልፉን በእጁ ያገላብጣል።

«ተቀመጪ» አለች እናቷ። «ቀኑን ሙሉ ወሬውን ስገጣጥም ዋልኩ፣ አንድ ነገር ጎደለኝ። አፋኙ ተያዘ፤ እሺ። ጠባቂዎች ከበቡ፤ እሺ። የታፈነውስ ማነው? ሬዲዮውም ዝም አለ። የማን ልጅ ነው የታፈነው?»

«ሰው አይደለም እማዬ። የታፈነው ጂን ነው።»

«ጂኒ?» እናቷ ወደ ኋላ ተደገፈች። «ጂኒ ከሆነማ ይታፈን! ለእሱ ነው ልጆቹን ሁሉ ከትምህርት ቤት ያስመጣሁት?»

ወንድሟ ሳያስበው ሳቀ። ሹክሹክታም ሳቀች፣ ሳቋ ጠዋት መነጽር ቤት የቀረው ሁሉ ተደምሮበት ወጣ፤ እናቷ ግን አልሳቀችም፣ ትጠብቃለች። ስለዚህ ነገረቻት። ጂን ምን እንደሆነ፣ አፋኙ እንዴት ጠቅልሎ እንደሚይዘው፣ ባንዲራው ምን እንደሆነ፤ ዳቦ ቆርሳ በሳህን ላይ እየደረደረች፣ ይሄ ሴል ነው፣ ይሄ ጠባቂ ነው፣ እያለች። እየነገረቻት ድምፅዋ ከፍ አለ፣ ደስታው እንደ ጠዋቱ መልሶ ያዛት፤ አረንጓዴው ሲበራ የሆነውን ስትተርክ ተነሥታ ቆመች። እናቷ አፏን ሳትከፍት አዳመጠች። መስመር ስትፈትሽ እንዲህ ታዳምጥ ነበር።

«ገባኝ» አለች በመጨረሻ። «ታዲያ ይሄ ሁሉ የት ነው የሚሆነው?»

ሬዲዮው የአየር ሁኔታ ያወራል። ወንድሟ ቁልፉን ማገላበጥ አቆመ። ዞሮ ሹክሹክታን አያት፤ ጣቱ ወደ ከንፈሩ ጉዞ ጀምሮ ነበር፣ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

«ሳህን ውስጥ» አለች። ከዚያ «ያንቺም አንገት ላይ።»

እናቷ እጇን አንሥታ ሬዲዮውን ዘጋችው።

«ስሙ?»

«ካንሰር ነው፣ እማዬ።»

የተናገረችው ከጠዋቱ ጩኸት በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው፤ ቢሆንም ማንም ደግሞ አልጠየቃትም። እናቷ ሻርፑን ፈታችው። ቀስ ብላ፣ በሁለት ጣቷ፣ ከጆሮዋ ሥር ያለውን ነገር ነካችው፤ አዲስ ሰው እንደምትተዋወቅ። ታችኛው ፎቅ ላይ ሕፃናቱ ይሯሯጣሉ፤ አንዱ አፋኝ ሌላው ጠባቂ ሆኖ ይጫወታሉ። ወንድሟ የእናቱን ፊት ያያል፣ ወደ ግድግዳው እንዳይዞር ይጠብቃል።

ፊቷ አልዞረም። ሳህኑን ነው ያየችው።

«እነዚህ ጠባቂዎች» አለች፣ አንዱን የዳቦ ፍርፋሪ በጣቷ እየገፋች፣ «የኔ ናቸው?»

«ያንቺ ናቸው።»

«እና በደጄ ያልፋሉ?»

«ያልፋሉ። ባንዲራ የለማ።»

«ምን ያድርጉ ታዲያ» አለች እናቷ፣ «ካልተነገራቸው።» ቀና ብላ ልጇን አየችው። አልተቆጣችም። ወንድሟ ካፖርቱን አወለቀ፣ የሚሰቅልበት ያጣ ይመስል በክንዱ ላይ ይዞት ቆመ። ስለ አባታቸው ተናገረ። ፊቱን ወደ ግድግዳ ስላዞረበት ቀን፣ በር ላይ ቆሞ ስላየው፣ ለእሷም እንዳይሆን ስለፈራው።

«ውይ ልጄ» አለች። «አንተ ግማሹን ነው የሰማኸው። ቃሉንማ የነገርኩት እኔ ነኝ፣ ጠዋት፣ አንተ ትምህርት ቤት ሳለህ። ሰምቶ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? እንቁላል ጥበሺልኝ አለኝ። ሁለት በላ። ከሰዓት ዘመዶች መጡ፣ እሱ ዓይኑን ሲገልጥ አፋቸውን ዘጉ፤ እሱ ሲያያቸው መሬት መሬት አዩ። ያኔ ነው ፊቱን ያዞረው። አንተ የደረስከው ለዚያ ነው።» ሻርፑን እያጠፈች ጨመረች፤ «እኔስ ብሆን። ግማሽ ወሬ ሰምቼ ሰፈሩን ሙሉ ቁልፍ አስገዛሁት።»

ወንድሟ ተቀመጠ። ከመጣ ጀምሮ መቀመጡ የመጀመሪያው ነው። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል፤ ንጹሕ ነበር፣ ይጠርገዋል። ሹክሹክታ ትድኛለሽ ብላ ቃል እንደማትገባ፣ ሳህን ሳህን እንደሆነ፣ ኪኒኑ የአንዳንዱን እብጠት አቅልጦ የአንዳንዱን እንዳላቀለጠ፣ ከበዛም ጠባቂዎቹን እንደሚያሳስት፣ የደበቀችው ነገር እንዳይኖር ሁሉንም ተናገረች። እናቷ ነገ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ብቻ ጠየቀች። ቀጥላ ስልኳን አነሣች፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ዘንድ ደወለች፣ በዚያ በሥራ ዘመኗ ሰው ሁሉ በሚያውቀው ጥርት ያለ ድምፅ አስታወቀች፤ የጠዋቱ ወሬ ይስተካከል፤ አፋኝ መያዙ እውነት ነው፣ አንድ ነው፣ የታፈነውም እኔው ጋ ነው፣ አንገቴ ውስጥ፤ ካንሰር ይባላል፤ ነገ ጠዋት ላስፈታ እሄዳለሁ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሂዱ።

እናቷ ስልኩን አስቀምጣ ጨርቁን ከእንቁላሉ ላይ ገለጠች። ለሦስቱም አካፈለች። ወንድምና እህት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳህናቸውን ያያሉ፤ ስንት ወር ሙሉ በደረጃና በመጋረጃ ጀርባ ብቻ ሲንሾካሾኩ ኖረው አሁን በሰው ፊት እንዴት እንደሚጀመር ጠፍቷቸዋል። እናታቸው ከአንዱ ወደ አንዱ አየች። ጀርባዋን አቀናች፣ በሁለት እጇ የማይታይ ሽቦ ከዚህ ነቅላ እዚያ ሰካች።

«ተገናኝተዋል» አለች። «ይናገሩ።»

ወንድሟ መነጽሩን አደረገ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ።

«ኪኒኑ» አለ፣ «የሚወሰደው ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ?»

ሹክሹክታ መለሰችለት፤ ታችኛው ፎቅ ድረስ በሚሰማ ድምፅ።